ቀለሙ ይሄዳል፣ መስመሩ ይቀራል፦ የኤክሴል መዝገብን ቅርጸቱ ሳይበላሽ የመደርደር ዝርዝር መመሪያ

ጅማ ውስጥ የእሸት ቡና ግዢ በሚጦፍበት በጥቅምትና በኅዳር ወደ እኔ የሚመጣው አቤቱታ አንድ ዓይነት ነው። «መዝገቡን በወረዳ ደረደርኩት፤ መስመሮቹ ተዘዋወሩብኝ፤ ቀለሙም ተዘበራረቀ።» መስመሮቹ ግን አልተዘዋወሩም። ችግሩ እንዲያውም አለመዘዋወራቸው ነው። የጎማ ወረዳ አቅራቢዎች ያለቁበትን ቦታ ለማመልከት የተሰመረው ወፍራም መስመር ባለበት ቀርቷል፤ ሰዎቹ ከሥሩ ተነሥተው ሄደዋል።

መመሪያው ለኤክሴል የተጻፈ ነው። ምሳሌው የቡና መረከቢያ መዝገብ ነው፦ ቀን፣ የአቅራቢ ስም፣ ወረዳ፣ ዓይነት (እሸት ወይም ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና)፣ ኪሎ፣ ፈረሱላ (17 ኪሎ)፣ ዋጋ፣ ክፍያ። የእድር አባላት ወይም የተማሪዎች ዝርዝር ቢሆንም አሠራሩ ያው ነው።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ማን ይሄዳል፣ ማን ይቀራል?

አንድ ረድፍ ከ5ኛ ወደ 40ኛ ቦታ ሲዛወር በእጅ የቀቡት የሴል ቀለም፣ የፊደሉ ቀለም፣ ድምቀቱና ዓይነቱ፣ የቁጥሩ ቅርጸት (የነጥብ ቤት፣ የብር ምልክት፣ ፐርሰንት) እንዲሁም በሴሉ ላይ የተለጠፈ ማስታወሻ አብረው ይሄዳሉ።

የሚቀሩት ደግሞ እነዚህ ናቸው፦

- በእጅ የተሰመሩ የሴል ጠርዝ መስመሮች
- የረድፉ ቁመት
- የ«ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ» ደንቦች (በሴሉ ይዘት መሠረት ራሳቸው ቀለም ወይም መስመር የሚሰጡ)
- ተቆልቋይ ዝርዝርና ሌሎች የማስገቢያ ገደቦች
- የተደበቁ ረድፎች፤ እነዚህ ከነመረጃቸው ባሉበት ይቀራሉ

የመጨረሻውን ደግመው ያንብቡት። የተደበቀ ረድፍ በድርደራው ውስጥ አይገባም። ደብቀውት የረሱት አንድ አቅራቢ የጌራ ወረዳ ሰው ሆኖ ሳለ በማና ወረዳ ሰዎች መካከል ተቀምጦ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ 1፦ መመለሻ መንገድ ያዘጋጁ

1. ፋይሉን በሌላ ስም ያስቀምጡ። «መዝገብ» ከነበረ «መዝገብ ከድርደራ በፊት» ይበሉት። መብራት እንደልቡ በሚሄድበት ከተማ ይህን መዝለል አይቻልም።
2. ከመጨረሻው ዓምድ ቀጥሎ ባለው ባዶ ዓምድ ላይ «የመጀመሪያ ተራ» የሚል ርእስ ይጻፉ። መሐል ላይ ባዶ ዓምድ አይተዉ።
3. በመጀመሪያው የመረጃ ረድፍ 1፣ በሁለተኛው 2 ይጻፉ። ሁለቱን ሴሎች መርጠው በቀኝ ታችኛው ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ካሬ ሁለት ጊዜ ጠቅ ያድርጉ። ቁጥሩ እስከ ታች ይሞላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ቁጥር የተጻፈ ቁጥር እንጂ «ከላይ ያለው ሲደመር 1» የሚል ፎርሙላ መሆን የለበትም። እንዲህ ያለው ፎርሙላ ከድርደራው በኋላ አዲሱን ቦታ እየቆጠረ ይሰጥዎታል፤ መመለሻው መንገድም ይጠፋል። በየረድፉ ከበላዩ ያለውን እየደመረ የሚሄድ የተንከባላይ ሂሳብ ዓምድ ካለዎትም በድርደራ ይበላሻል። ከመደርደርዎ በፊት ቀድተው በእሴት ብቻ («ፔስት ቫልዩስ») መልሰው ይለጥፉት።

ደረጃ 2፦ መሬቱን ይጥረጉ

የተደበቀውን ያውጡ። ከ«ኤ» ዓምድ በስተግራ፣ ከ1ኛው ረድፍ በላይ ያለችውን ጥግ ጠቅ አድርገው ሁሉንም ይምረጡ። ከዚያ በረድፍ ቁጥሮቹ ላይ በቀኝ ቁልፍ ጠቅ አድርገው «አንሃይድ» ይበሉ። ማጣሪያ ተከፍቶ ከሆነ ያጥፉት።

ባዶ ረድፍና ባዶ ዓምድ ይሰርዙ። ኤክሴል የመረጃዎን ዳርቻ የሚያውቀው በባዶው ነው። ለውበት ብለው በ«ኪሎ» እና በ«ክፍያ» መካከል ባዶ ዓምድ አስገብተው ከሆነ ግራው ይደረደራል፤ ቀኙ ባለበት ይቀራል። ያኔ የአንዱ ሰው ክፍያ ከሌላው ኪሎ ጋር ይጋባል። ማንም አይጮህም፣ የስሕተት መልእክትም አይመጣም። እኔ ካየኋቸው ብልሽቶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው።

የድምር ረድፉን ያግልሉ። ከመረጃው በታች ያለውን «ጠቅላላ ድምር» በአንድ ባዶ ረድፍ ይለዩት። ካልለዩት እንደ አንድ አቅራቢ ተቆጥሮ አብሮ ይደረደራል።

የተዋሃዱ ሴሎችን ይፍቱ። የወረዳውን ስም አንድ ጊዜ ጽፈው ስምንት ረድፍ ያዋሃዱ ሰዎች ሲደረድሩ ኤክሴል «የተዋሃዱት ሴሎች ሁሉ እኩል መጠን ሊኖራቸው ይገባል» የሚል መልእክት አውጥቶ ይቆማል። መቆሙ ጥሩ ነው። የሚያደርጉት ይህን ነው፦

1. የወረዳውን ዓምድ መረጃ ይምረጡና በ«ሆም» ትር ላይ «መርጅ ኤንድ ሴንተር» የሚለውን ተጭነው ያጥፉት። ስሙ በላይኛው ሴል ብቻ ይቀራል፤ ከሥሩ ያሉት ሰባቱ ባዶ ይሆናሉ።
2. ምርጫውን ሳይለቁ «ኮንትሮል» እና «ጂ» ይጫኑ፤ «ስፔሻል»፣ ከዚያ «ብላንክስ» ይምረጡ። ባዶዎቹ ብቻ ይመረጣሉ።
3. የእኩል ምልክት ይጻፉ፤ ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቀስት አንድ ጊዜ ይጫኑ፤ «ኮንትሮል» እና «ኢንተር» አብረው ይጫኑ። ስሙ በሁሉም ይሞላል።
4. አሁን ዓምዱን በሙሉ ቀድተው በራሱ ላይ «ፔስት ቫልዩስ» በሚለው ይለጥፉት። ይህችን ተራ ቁጥር ዘለው የደረደሩ ሰዎች ወረዳው ሁሉ ሲቀያየርባቸው አይቻለሁ። የተሞሉት ሴሎች እስካሁን «ከበላዬ ያለውን» የሚሉ ፎርሙላዎች ናቸውና።

የመዝገቡን ትልቅ ርእስ መሐል ላይ ለማስቀመጥ ከሆነ ያዋሃዱት፣ በምትኩ በ«ፎርማት ሴልስ» መስኮት በ«አላይንመንት» ሥር «ሴንተር አክሮስ ሰሌክሽን» የሚለውን ይጠቀሙ። መልኩ ያው ነው፤ ሴሎቹ ግን አይዋሃዱም።

ደረጃ 3፦ የቀለሙን ትርጉም በቃል ይጻፉ

ቢጫ ማለት «ያልተከፈለ»፣ አረንጓዴ ማለት «ተከፍሏል» የሆነበት መዝገብ በየመጋዘኑ ነው። ቀለሙ ከረድፉ ጋር ስለሚሄድ ድርደራው አያጠፋውም። ነገር ግን ቀለምን የሚያውቀው የቀባው ሰው ብቻ ነው፤ ሊደመርም አይችልም። ስለዚህ ወደ ቃል ይለውጡት።

1. «የክፍያ ሁኔታ» የሚል ዓምድ ይጨምሩ።
2. በ«ዳታ» ትር ላይ «ፊልተር» ይጫኑ። ቀለም ባለበት ዓምድ ርእስ ላይ ያለውን ቀስት ከፍተው «ፊልተር ባይ ከለር» ይምረጡና ቢጫውን ይጫኑ።
3. በአዲሱ ዓምድ የሚታዩትን ሴሎች ይምረጡ። «አልት» እና የሰሚኮለን ቁልፍ አብረው ይጫኑ፤ ይህ የሚታዩትን ብቻ ያስመርጣል። «ያልተከፈለ» ብለው ይጻፉና «ኮንትሮል» እና «ኢንተር» ይጫኑ።
4. በአረንጓዴውም ይድገሙት። ሲጨርሱ ማጣሪያውን ያጥፉ።

በማጣሪያው ውስጥ ሁለት ቢጫ ካዩ አይገረሙ። አንደኛው በመስከረም የተቀባ፣ ሌላው በኅዳር በሌላ ሰው የተቀባ ነው። ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ለኤክሴል ሁለት ቀለሞች ናቸው። ሁለቱንም በየተራ ያጣሩ።

አሁን ቃሉ ራሱ ቀለሙን ያምጣ። መረጃውን ከመጀመሪያው ረድፍ (5ኛው ነው እንበል) እስከ መጨረሻው ይምረጡ። «ሆም»፣ «ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ»፣ «ኒው ሩል» ይበሉና ፎርሙላ የሚጠቀመውን የመጨረሻውን አማራጭ ይምረጡ። በሳጥኑ ውስጥ የእኩል ምልክት ይጻፉ፤ በ5ኛው ረድፍ ያለውን የክፍያ ሁኔታ ሴል ጠቅ ያድርጉ፤ «ኤፍ 4»ን ሁለት ጊዜ ይጫኑ። የዶላር ምልክቱ ከዓምዱ ፊደል ፊት ብቻ መቅረት አለበት። ቀጥሎ ሌላ የእኩል ምልክት፣ ከዚያ በጥቅስ ውስጥ ያልተከፈለ ብለው ይጻፉና «ፎርማት» በሚለው ቢጫ ይስጡት።

ካልሠራ፦ መዝገቡ በሙሉ ቢጫ ከሆነ ወይም ምንም ካልተቀባ፣ ከረድፉ ቁጥር ፊትም ዶላር ቀርቷል፤ ሁሉም ረድፍ የሚያየው አንዱን ሴል ነው ማለት ነው። በአንዳንድ ላፕቶፖች ደግሞ «ኤፍ 4» የሚሠራው «ኤፍ ኤን» ከሚለው ቁልፍ ጋር አብሮ ሲጫን ነው።

ደረጃ 4፦ የእጅ መስመሮችንና የዝንጉርጉር ረድፎችን ያስወግዱ

በእጅ አንዱን ነጭ አንዱን ግራጫ አድርገው የቀቡት መዝገብ ከድርደራ በኋላ ሦስት ግራጫ፣ አምስት ነጭ፣ ሁለት ግራጫ ይሆናል። ቀለሙ ከሰዎቹ ጋር ሄዷላ!

ደረጃ 3ን መጨረስዎን ያረጋግጡ፤ ትርጉም ያለው ቀለም ወደ ቃል ሳይለወጥ ይህን ከጀመሩ ያጠፉታል። ከዚያ መረጃውን መርጠው በቀለም መቀቢያው «ኖ ፊል»፣ በመስመር ማስመሪያው «ኖ ቦርደር» ይበሉ። ቀጥለው «ኮንትሮል» እና «ቲ» ይጫኑና ርእስ እንዳለው የሚጠይቀው ሳጥን ላይ ምልክት መኖሩን አይተው ያረጋግጡ። መዝገቡ ሠንጠረዥ ይሆናል። ዝንጉርጉሩ የሠንጠረዡ እንጂ የረድፎቹ ስላልሆነ መቶ ጊዜ ቢደረድሩት አይነቃነቅም። የእጅ ቀለም በላዩ ካለ ግን ይሸፍነዋል፤ «ኖ ፊል» ያስፈለገው ለዚህ ነው።

በወረዳና በወረዳ መካከል የሚሰመረውን መስመርም ደንብ ይሥራው። እንደ ደረጃ 3 አዲስ ደንብ ይክፈቱ። እኩል ምልክት፣ የ5ኛው ረድፍ የወረዳ ሴል ከሁለት «ኤፍ 4» ጋር፣ ከዚያ ያነሰና የበለጠ ምልክቶች ተጣብቀው (<>)፣ ቀጥሎ የ4ኛው ረድፍ የወረዳ ሴል እሱም ከሁለት «ኤፍ 4» ጋር። በ«ፎርማት» ውስጥ «ቦርደር» ገብተው የላይኛውን መስመር ብቻ ይምረጡ። ወረዳው ከበላዩ ካለው በተለየ ቁጥር መስመሩ ራሱ ይሰመራል። በዚህ መንገድ ወፍራም መስመር አይገኝም፤ ቀጭኑ ይበቃል፣ ካልበቃ ቀለም ይስጡት።

ደረጃ 5፦ ዓይን የሚያየውና ኤክሴል የሚደረድረው ይለያያሉ

ቁጥሮች። 288፣ 289 እና 290 ኪሎ እያንዳንዳቸው ለ17 ተካፍለው ወደ ፈረሱላ ሲለወጡ፣ ዓምዱ የነጥብ ቤት እንዳያሳይ ከተደረገ ሦስቱም «17» ሆነው ይታያሉ። በፈረሱላ ቀጥሎም በስም ሲደረድሩ ስሞቹ በፊደል ተራ አይመጡም። ኤክሴል አልተሳሳተም፤ የሚደረድረው 16.94ን፣ 17ን እና 17.06ን ነው። ቅርጸት መልክን እንጂ ቁጥሩን አይለውጥም። ወይ በኪሎ ይደርድሩ፣ ወይ «ራውንድ» በሚለው ፎርሙላ ቁጥሩን ራሱን ያጠጋጉ።

በአንዱ ሴል ሁለት የነጥብ ቤት፣ በሌላው ምንም ካለ ደግሞ ቅርጸቱ ከየሴሉ ጋር ሄዶ ዓምዱን ጉራማይሌ ያደርገዋል። ከመደርደርዎ በፊት ዓምዱን በሙሉ መርጠው አንድ ዓይነት ቅርጸት ይስጡት።

ቀኖች። እዚህ ላይ ጊዜ ይስጡ። ኤክሴል የእኛን ዘመን አቆጣጠር ሳይሆን የአውሮፓውያኑን ያነባል። ኮምፒውተርዎ ቀን አስቀድሞ እንዲያነብ ቢስተካከልም ጥቅምት 30 ቀን 2017ን 30/2/2017 ብለው ሲጽፉ ፌብሩዋሪ 30 የለምና ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ጥቅምት 29ን በ2016 ይቀበላል፤ በ2017 አይቀበልም፤ በእነሱ ቆጠራ ፌብሩዋሪ 29 ያለው 2016 ነውና። 13ኛ ወር ስለማያውቅ ጳጉሜንም ጽሑፍ አድርጎ ይተዋታል። ኮምፒውተሩ ወርን አስቀድሞ የሚያነብ ከሆነ ደግሞ 5/2/2017ን ሜይ 2 ያደርገዋል፤ 15/2/2017ን ጽሑፍ ያደርገዋል። አንዱ ዓምድ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆናል። ሲደረደር ቀኖቹ ከላይ፣ ጽሑፎቹ ከታች ይሰባሰባሉ፤ ሰውም «ኤክሴል ጥቅምትን ለሁለት ከፈለብኝ» ይላል።

የማሃል አሰላለፉን ያጥፉና ዓምዱን ይመልከቱ። ወደ ቀኝ የተጠጋው ቀን ወይም ቁጥር ነው፤ ወደ ግራ የተጠጋው ጽሑፍ ነው።

መፍትሔው ቀኑን ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ተራ በስምንት አኃዝ እንደ ቁጥር መጻፍ ነው፦

1. አዲስ ዓምድ ይክፈቱ። «ፎርማት ሴልስ» ገብተው «ከስተም» ይምረጡ፤ በሳጥኑ 0000-00-00 ብለው ይጻፉ።
2. ጥቅምት 30 ቀን 2017ን 20170230 ብለው ያስገቡ። በማያው 2017-02-30 ሆኖ ይታያል።
3. ጳጉሜ 3 ቀን 2016 20161303 ይሆናል። ያለ ችግር ይገባል፤ በትክክለኛ ቦታውም ይደረደራል።

ሴሉ በ# ምልክት ከተሞላ ዓምዱ በቀን ቅርጸት ላይ ነው ያለው፤ ወደ ተራ 1 ይመለሱ።

ወሩን በስም የሚጽፉ ከሆነ ሐምሌ በፊደል ተራ ከመስከረም ይቀድማል። «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «አድቫንስድ» ገብተው ወደ ታች ይውረዱ፤ «ኤዲት ከስተም ሊስትስ» በሚለው ውስጥ ከመስከረም እስከ ጳጉሜ 13ቱን ወሮች በየመስመሩ ይጻፉ። ሲደረድሩ በ«ኦርደር» ሥር ይህን ዝርዝር ይመርጣሉ። «ኅዳር» ብለው መዝግበው «ህዳር» ብለው ከጻፉ አያውቀውም።

ይኸው የሞክሼ ፊደል ጣጣ በወረዳም አለ። «ጎማ» እና «ጐማ»፣ «ሰቃ» እና «ሠቃ» የተለያዩ ቃላት ሆነው ይደረደራሉ። ከስሙ በፊት የገባ ባዶ ቦታም እንዲሁ። አንዱን ይምረጡና ሌላውን በ«ኮንትሮል» እና «ኤች» ይተኩ።

ደረጃ 6፦ ይደርድሩ

1. በመረጃው ውስጥ አንድ ሴል ብቻ ጠቅ ያድርጉ። ዓምድ አይምረጡ።
2. «ዳታ»፣ ከዚያ ትልቁን «ሶርት» ይጫኑ። «ኤ» እና «ዜድ» የሚሉ ፊደላት ያሉባቸውን ትንንሾቹን የመደርደሪያ ቁልፎች ለዛሬ ይተዉአቸው።
3. «ማይ ዳታ ሃዝ ሄደርስ» ላይ ምልክት መኖሩን ይዩ። ከሌለ የርእሱ ረድፍ ከነድምቀቱ ተነሥቶ በአቅራቢዎች መሐል ይገባል።
4. በመጀመሪያው መስመር ወረዳን ይምረጡ፤ «አድ ሌቭል» ብለው ቀንን ያክሉ። እስከ 64 ደረጃ ይቻላል፤ ከሦስት በላይ የሚያስፈልገው ሰው ግን አልገጠመኝም።
5. በቀለም መደርደር ከፈለጉ «ሶርት ኦን» በሚለው ሥር «ሴል ከለር» ይምረጡ። ቀለሞች በተፈጥሯቸው ቅደም ተከተል ስለሌላቸው የትኛው ከላይ እንደሚሆን እርስዎ ይነግሩታል፤ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ደረጃ ያክሉ።
6. «ኦኬ»።

ማስጠንቀቂያ፦ አንድ ዓምድ መርጠው ከነበረ ኤክሴል ምርጫውን ያስፋ ወይስ በተመረጠው ብቻ ይቀጥል ብሎ ይጠይቃል። ሁልጊዜ «ኤክስፓንድ ዘ ሰሌክሽን» ይበሉ። ሁለት ወይም ሦስት ዓምድ መርጠው ከሆነ ጥያቄው ላይመጣ ይችላል፤ የተመረጡት ብቻ ይደረደራሉ።

ደረጃ 7፦ ሳያስቀምጡ ያረጋግጡ

ከቅጂው ላይ ሦስት አቅራቢዎችን ይምረጡ፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከመሐል፣ አንዱን ከታች። በተደረደረው መዝገብ ፈልገው ኪሏቸውና ክፍያቸው ያው መሆኑን ያመሳክሩ። የኪሎው ጠቅላላ ድምር ብቻ መመሳሰሉ ምንም አያረጋግጥም፤ ስሞችና ኪሎዎች ቢለያዩም ድምሩ አይለወጥም።

ሲበላሽ

ስምና ኪሎ ተለያዩ። ወዲያውኑ «ኮንትሮል» እና «ዜድ»። ፋይሉን ዘግተው ከሆነ ይህ አይሠራም፤ «የመጀመሪያ ተራ» የሚለው ዓምድም ከሁሉም ጋር ካልሄደ አያድንም። ወደ ደረጃ 1 ቅጂ ይመለሱ። ቅጂ ከሌለ የሚቀረው የወረቀት ደረሰኝ ነው።

ድርደራው ትክክል ሆኖ የድሮው ተራ ብቻ ተፈለገ። በ«የመጀመሪያ ተራ» ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደርድሩ።

ከመረጃው በስተቀኝ የቀለም ጅራት ቀረ። ረድፉን በቁጥሩ ላይ ጠቅ አድርገው ሙሉውን ቀብተውት ነበር፤ ድርደራው ከመረጃው ዳርቻ አልፎ ያለውን አይነካም። ባዶዎቹን ዓምዶች መርጠው «ኖ ፊል» ይበሉ።

ረዣዥም ስሞች ተቆረጡ። የረድፉ ቁመት ከሰውየው ጋር አልሄደም። ሁሉንም ረድፎች መርጠው በሁለት ረድፍ ቁጥሮች መካከል ባለው ድንበር ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ ያድርጉ።

«ሶርት» አልታዘዝ አለ። ገጹ ተቆልፎ ይሆናል። መደርደር ተፈቅዶ ቢሆን እንኳ ሴሎቹ ራሳቸው የተቆለፉ ከሆኑ አይሠራም፤ በ«ሪቪው» ትር ጥበቃውን አንሥተው ይደርድሩ፤ ከዚያ መልሰው ይቆልፉት።

የሚሠሩት በኤክሴል ሳይሆን በሊብሬኦፊስ ካልክ ከሆነ በመደርደሪያው መስኮት የአማራጮች ገጽ ላይ ቅርጸት አብሮ ይሂድ ወይስ ይቅር የሚል ሳጥን አለ። ቀለሙ ከአቅራቢው ተነጥሎ ከቀረ፣ ያ ሳጥን ምልክት አልተደረገበትም።